የቁስል ግልባጭ፦ ስለ ቢቸናና ሞጣ የጦር ጉዳተኞች መዝገብ

ከሞጣ ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወደ ዓባይ የወረደ መንገደኛ ሰባራ ድልድይን ያገኛል። ድልድዩ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው። የዛሬ ስሙን ያገኘው ግን በመሠራቱ ሳይሆን በመሰበሩ ነው። በወረራው ዘመን የኢጣልያ ጦር እንዳይሻገርበት አርበኞች አንዱን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ ወዲያ ስልሳ ዓመት ያህል የሁለቱም ዳር ሰው ክፍተቱን በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ይህ የገመድ መሻገሪያ በ1993 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ ታየ፤ ፎቶግራፉን የተመለከተ አንድ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭም ሰዎች አሰባስቦ መጥቶ ክፍተቱን በብረት አገናኘው። ብረቱን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓባይ ሙላት ወሰደው፤ በምትኩም ተንጠልጣይ የሽቦ ገመድ ድልድይ ተሠራ።

እኛ መሐንዲሶች ስለዚህ ስብራት የምናውቀው ጥቂት አይደለም። የክፍተቱ ስፋት ተለክቷል፤ የቀሩት ቅስቶች ተመርምረዋል፤ ንድፍና ፎቶግራፍ አላቸው። አንድ ድልድይ ሲሰበር መቼ እንደ ተሰበረ፣ በምን ምክንያት እንደ ተሰበረና ምን ያህሉ እንደ ቀረ መጻፍ የሙያችን ሀሁ ነው። ለዚህ መጽሔት ስለ አገር ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜም አዘጋጆቹ ስለ ድልድዩ እንድጽፍ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን በአባቴ የቢቸና፣ በእናቴ የሞጣ ሰው ስለ ሆንሁ ሌላ ስብራት ይታወሰኛል። ድልድዩን የሰበሩት፣ ከእነርሱም በኋላ በየጦር ሜዳው የተሰበሩት ሰዎች የሰውነታቸው ጉዳት በማን ተለካ? በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? የተጻፈውስ ግልባጭ በማን እጅ ቀረ? ጥያቄው የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቁስል በሕግ ፊት ቁስል ሆኖ የሚቆመው ሲጻፍ ነው፤ ያልተጻፈው ባለቤቱ ብቻውን የሚሸከመው ሕመም ሆኖ ይቀራል።

በ1928 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ መደበኛው ጦር ሲበተን፣ በምሥራቅ ጎጃም የተነሣው ተጋድሎ ጸሐፊ አልነበረውም። በቢቸና ወገን አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ፣ በአካባቢውም እንደ ልጅ ኃይሉ በለው ያሉ መሪዎች ጠላትን እስከ 1933 ዓ.ም. ሲያስጨንቁት ኖሩ። ኢጣልያኖች በቢቸናም በሞጣም ምሽግ ነበራቸው፤ ከምሽጉ ውጭ ያለው ቆላና ደጋ ግን የአርበኛው ነበር። በዚህ ጦር ውስጥ ደመወዝ የለም፤ ደመወዝ ስለሌለም የደመወዝ መዝገብ የለም። ስንቁ ከቤት፣ ጠመንጃው ከቤት ወይም ከጠላት፣ ሐኪሙም የአገር ወጌሻ ነው። የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ይታሰራል፤ በሥጋ ውስጥ ያደረ ጥይት ቢቻል በካራ ጫፍ ይወጣል፤ ባይቻል እዚያው ይተዋል። ማርና ቅቤ፣ ቅጠልና ሥር መድኃኒቱ ነበሩ።

የአባቴ አባት በዚያ ዘመን ከቆሰሉት አንዱ ነበሩ። እኔ አልደረስሁባቸውም። ቤተ ሰቡ እንደሚተርከው ጥይቱ ከጭናቸው ሳይወጣ አብሯቸው ኖሮ አብሯቸው ተቀበረ። ክረምት ሲገባ ያነክሱ ነበር፤ በጋ ሲሆን እርሻቸውን ያርሱ ነበር። ስለዚህ ቁስል የሚናገር አንድም የጽሑፍ ቃል በዓለም ላይ የለም፤ ይህ አሁን እኔ የጻፍሁት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት አርበኞችን ሳያስታውስ አልቀረም። ሹመትና ሽልማት ተሰጥቷል፤ የአርበኝነት ሜዳሊያም ወጥቷል። በሜዳሊያው ጥብጣብ ላይ የሚደረገው ዘንባባ ሰውየው በዱር የኖረበትን ዓመት ይቆጥር ነበር። የዱሩን ዓመት አለቃና ጓደኛ ይመሰክራሉ፤ ቁስል ግን በምስክር ሊለካ አይችልም። ምስክር «በእግሩ ቆስሏል» ይላል እንጂ ጉልበቱ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ አይናገርም። ምስክርነቱም ቢሆን እንደ መስካሪው ዕድል ነው። በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብለው በቢቸና ከተሾሙ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው፣ ተይዘው፣ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። የእርሳቸው ተከታይ ለነበረ ቁስለኛ ከዚያ ወዲያ በመንግሥት ቢሮ ቆሞ «ምስክሬ እርሳቸው ነበሩ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ከጠላት ወገን የነበረውን ማንሣት ደስ አያሰኝም፤ ግን ታሪክ ነው። በኢጣልያ ባንዲራ ሥር የተዋጋው የኤርትራ አስካሪ ስሙ፣ አገልግሎቱና የደረሰበት ጉዳት የሚጻፍበት መዝገብ ነበረው። ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ የኢጣልያ መንግሥት ለቀድሞ አስካሪዎች የጡረታ ገንዘብ ሲከፍል ኖሯል። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ የተከፈለው ግን ወረቀት ስለነበረ ነው። አንድ ጥይት ተኳሹን በመዝገብ፣ የተመታውን በወሬ አስቀረው።

ለአርበኛው ወረቀት አለመኖር ግን የመንግሥት ቸልተኝነት ብቻውን ምክንያት አልነበረም። በጎጃም ወረቀት ራሱ የተፈራ ነገር ነበር። የጎጃም ገበሬ በርስቱ ላይ ገመድ የሚጥል የመንግሥት ሰው ሲያይ የሚታየው ግብርና የርስት መነቀል ነው። ከነጻነት በኋላ በወጣው የመሬት ግብር ምክንያት በ1930ዎቹ አጋማሽ ዐመፅ ተነሣ። ዳግመኛ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በ1960 ዓ.ም. ሲወጣ ቢቸናና ሞጣ ከዐመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ሆኑ። በዚያ ዐመፅ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ሳይቀሩ በገበሬው ላይ ተሰማሩ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ። በዐመፁ ውስጥ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ለዚያው መንግሥት የቆሰሉ ሰዎች ነበሩበት። እንግዲህ «ቁስሌን ለኩልኝ፣ ጻፉልኝ» ብሎ ወደ ቢሮ መሄድ «መሬቴን ለኩልኝ» ከማለት በምን ይለያል? መዝገብ ሰጪ ብቻ ሳይሆን ተቀባይም ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ከሁለቱም መራቅ ይሻል ነበር። እኔ ይህን ጥርጣሬ ድንቁርና ብዬ አልጠራውም። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ የልጆቹን ዘመን ግን አላየም።

የልጆቹ ዘመን የደመወዝና የመለያ ቁጥር ዘመን ሆነ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ፣ ከእርሱም በኋላ የተተኩት ሻለቆች በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ ስለ ተዋጉ ቁስለኞቻቸው በዘመናዊ የጦር ሐኪም ቤቶች ታከሙ። ከ6 ሺህ በላይ ከሆኑት ዘማቾች ከ500 በላይ ቆስለዋል ይባላል፤ እንዲህ ብሎ በቁጥር መናገር መቻሉ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ቀጥሎ በ1953 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ቁጥር 46፣ ተከትሎትም የወጣው የ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 የወታደሩን ጡረታ ከሲቪሉ ጋር በሕግ አቆሙት። ለጉዳት የሚሰጠው ገንዘብ ከንጉሥ ችሮታነት ወጥቶ መብት ሆነ ማለት ነው። መብት ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የጉዳት ማስረጃም የሐኪም ቃል ነው።

ይህ አሠራር እስከ ዛሬ ዘልቋል። አዋጅ ቁጥር 345/1995ም ሆነ እርሱን የተካው 714/2003፣ አሁን የሚሠራበት 1267/2014ም ጭምር፣ ጉዳቱ በሐኪሞች ቦርድ እንዲረጋገጥ ይፈልጋሉ። ቦርዱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መጠን ነው፦ ሰውየው ከመሥራት ችሎታው ስንት በመቶ አጣ? ሁለተኛው ምክንያት ነው፦ ጉዳቱ የመጣው ከሥራው ነው ወይስ ከሌላ? በእኛ ሙያ ቋንቋ ብናገር የመጀመሪያው ልኬት ነው፤ ሁለተኛው የውድቀት ምርመራ ነው። የተሰነጠቀ ምሰሶ ዛሬ ቢለካ ስንጥቁ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ማወቅ ይቻላል። ስንጥቁ የመጣው ከመሬት መንቀጥቀጥ ነው ወይስ ከክፉ ሲሚንቶ የሚለውን ለመመለስ ግን በጊዜው የተጻፈ ማስታወሻ ያስፈልጋል። የሰውም ክርን እንዲሁ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበው ሚሊሺያ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ቁጥር 236 ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ያለው ወጣት ሠላሳ ወር እንዲያገለግል ተደነገገ። ዙር በዙር ከየቀበሌ ገበሬ ማኅበሩ ወጣት ተለቀመ። የእናቴ ወንድም ከሞጣ የሄዱት በ1977 ዓ.ም. ነው። ሠላሳው ወር አለፈ፤ ጦርነቱ ግን አላለፈምና እርሳቸውም አልተመለሱም። በ1980 ዓ.ም. የአፋቤት ግንባር በተሰበረበት ሰሞን በኤርትራ የሞርታር ፍንጣሪ የግራ ክርናቸውን መታቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲተርኩ የምሰማው እንደ አንድ የሥራ ሂደት ነው፤ ምናልባት የሙያዬ በሽታ ይሆናል። በመጀመሪያ የመቶው የጤና ረዳት ቁስሉን አስሮ በደረታቸው ላይ ካርድ አንጠለጠለ። ካርዱ አስመራ ሲደርሱ ተወሰደና ሌላ ወረቀት ተጻፈ። ከአስመራ በአውሮፕላን አዲስ አበባ መጡ፤ እዚያም ሦስተኛ ማኅደር ተከፈተ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በ1981 ዓ.ም. በቦርድ ፊት ቀረቡ፤ ሐኪሞቹ ክርኑን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ ተነጋገሩ፤ አንዱ «ሠላሳ አምስት» አለ፣ ጸሐፊው ጻፈ። ይኸው ነው። በሠራዊቱ ቋንቋ «በቦርድ ተሰናበቱ»።

አጎቴ ማንበብና መጻፍ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ የተገለበጠውን ወረቀት ቁጥሩንና ቀኑን አዩ። ግልባጭ ይሰጠኝ ብለው ጠየቁ። «ለክፍልህ ይላካል» ተባሉ። ከክፍሉ በር ወጥተው በደረት ኪሳቸው ከነበረው፣ አስመራ በወታደር ልብስ ከተነሡት ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉት፦ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥር፣ «ግራ ክርን፣ 35»። ያን ፎቶግራፍ በልጅነቴ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጀርባውን ያየሁት ግን መሐንዲስ ከሆንሁ በኋላ ነው።

ስለ «ግልባጭ» ጥቂት ማለት ይፈቀድልኝ። በአገራችን የመንግሥት ደብዳቤ ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች ሁልጊዜ ይህ ቃል ይገኛል፤ ከሥሩም የሚላክላቸው ቢሮዎች ይዘረዘራሉ። በጽሕፈት መኪና ዘመን ይህ ዝርዝር የካርቦን ወረቀት ቁጥር ነበር፦ አራት ግልባጭ ከሆነ በዋናው ሥር አራት ቀጭን ወረቀት ይገባል፤ የመጨረሻው ፊደሉ እንደ ጥላ የደበዘዘ ይሆናል። የአንድ ቁስለኛ የቦርድ ውሳኔ ለጦር ክፍሉ፣ ለሰው ኃይል መምሪያ፣ ለጡረታ መሥሪያ ቤት፣ ለሐኪም ቤቱ መዝገብ ቤት ይላክ ይሆናል፤ እንደ አጎቴ ትረካ ግን ከሁሉ በታች ያለው፣ እጅግ የደበዘዘው ወረቀት እንኳ ለክርኑ ባለቤት አልደረሰም። ይህ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ቁስለኛው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት እንጂ የጉዳዩ ባለቤት ተደርጎ ስላልተቆጠረ ነው። በግንባታ ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ሲያስረክብ እንደ ተሠራ የሚያሳየውን ንድፍ ለባለቤቱ ካልሰጠ ርክክቡ አልተፈጸመም እንላለን። ወታደሩ ከነክርኑ ለራሱ ሲረከብ ግን ንድፉን ተቋራጩ ይዞት ይሄዳል።

ተቋራጩም ፈረሰ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአፍሪካ ከግዙፎቹ አንዱ የነበረው ሠራዊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተበተነ። ከ400 ሺህ በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ወታደሮች በጦላይ፣ በታጠቅ፣ በዴዴሳ፣ በብላቴና በሌሎችም ሰፈሮች ተሰበሰቡ፤ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተመሠረተ። ኮሚሽኑ በዚያ ችግር ጊዜ ያን ያህል ሰው መዝግቦ ወደየቤቱ መመለሱ ሊናቅ የማይገባ ሥራ ነበር። ነገር ግን «ለክፍልህ ይላካል» የተባለው ወረቀት ክፍሉ ራሱ ከሌለ የት ይፈለጋል? ክፍለ ጦር ሲበተን መሣሪያው ይቆጠራል፣ መኪናው ይቆጠራል። የካርቶን ማኅደር ግን ዝናብ ይመታዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ አንዳንዴም ሽንኩርት ይጠቀለልበታል።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ሁለት የውጭ አገር ምሳሌ ልጥቀስ። በመስከረም 1940 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በለንደን ላይ የወደቀ ቦምብ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ወታደሮች ማኅደር ያለበትን መጋዘን አቃጥሎ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጠፋው። ከዚህም የከፋው በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. የደረሰው ቃጠሎ ነው። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደር ማኅደር ወደመ፤ ከ1912 እስከ 1960 በእነርሱ አቆጣጠር ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ከመቶው ሰማንያው ያህል ማኅደራቸው ጠፋ። ሕንፃው ስድስት ፎቅ ያለው ዘመናዊ ሕንፃ ነበር፤ የውሃ መርጫ ግን አልነበረውም። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ልብ ይሉታል። ሆኖም ከውሃ መርጫው ይልቅ የባሰው ጉድለት ሌላ ነው፦ ለእነዚያ ማኅደሮች ግልባጭም ማይክሮ ፊልምም አልተሠራላቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ የመዛግብት ሠራተኞቹ የሰዉን ታሪክ ከደመወዝ ወረቀት፣ ከየዕለቱ የጦር ክፍል ሪፖርት፣ በኋላም በ1988 በእነርሱ አቆጣጠር ከተገኘ የሐኪም ቤት ገቢ በሽተኞች መረጃ እየለቃቀሙ መጠገን ያዙ። በደረት ኪሱ ወይም በሣጥኑ ግልባጭ የነበረው ወታደር ግን ጥገና አላስፈለገውም። ቃጠሎው በደረሰ በዓመቱ በወጣ ሕግ በዚያ አገር ማንም ሰው መንግሥት ስለ እርሱ የያዘውን ማኅደር ጠይቆ ግልባጭ መውሰድ ይችላል፤ ዛሬም የጦር ጉዳተኞቹ የሐኪም ምርመራቸውን ግልባጭ እየወሰዱ በመቶኛው ላይ ይከራከራሉ።

በእኛም አገር በሕግ በኩል በሩ ዝግ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከዚያ በላይ ባለው ሁሉ የሚያስቸግረው ሕጉ ሳይሆን ርቀቱ ነው። ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወረቀቱ ሊገኝበት የሚችለው ቢሮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። አንድ ማመልከቻ ለማስገባት፣ «ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ለመባልና ለመመለስ የሚከፈለው የመኪናና የአልጋ ገንዘብ የሚጠየቀውን አበል የወራት ያህል ሊበላ ይችላል።

ከአጎቴ ጋር ወደ ቢሮ የሄድነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ስሕተት ሠርተው ነበር፤ እርሳቸው «ስሕተቴ» ይሉታል፣ እኔ ግን እንዲያ አልለውም። በመሰናበቻቸው የተሰጣቸውን፣ የቦርዱ ውሳኔ ቁጥር የተጠቀሰበትን ብቸኛ የመሸኛ ደብዳቤ አንድ መሥሪያ ቤት ለማኅደር ያስፈልጋል ብሎ ተቀበላቸው። ግልባጭ ማንሻ መኪና በከተማው አልነበረም፤ ነገ ይመለስልሃል ተባሉ፤ አልተመለሰም። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሁለት ጊዜ፣ ቦታውን ሦስት ጊዜ ለወጠ። እኛ ስንሄድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ትሑት ልጅ ነበረች። መደርደሪያውን ሁሉ ፈለገች። ፎቶግራፉን ባሳየናት ጊዜ ጀርባውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችውና፣

«አባባ፣ እኔ አምኜዎታለሁ፤ ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ» አሏት። «እኔም የጻፍሁት እንዳልረሳው ነው እንጂ ለማስረጃ ብዬ አይደለም።»

አዲስ ምርመራ እንዲደረግላቸው ተጻፈላቸው። ሐኪሙ ክርኑን በመለኪያ ለካ፤ የጎደለውን ዲግሪ ጻፈ። መጠኑ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተባለው ብዙም አልራቀም። ምክንያቱ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩን አቆመ። «የዛሬውን አያለሁ፤ የዚያን ጊዜውን ግን በሕግ ፊት መናገር አልችልም» አለ። ልክ ነበር። እኔም በማላውቀው መሠረት ላይ ስለ ቆመ ሕንፃ ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ከዚያ ራጅ አዘዘ። በፊልሙ ላይ በክርኑ መገጣጠሚያ አጠገብ ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ታዩ፤ ከአጥንት ይልቅ የነጡ፣ ጠርዛቸው የሾለ። የሞርታር ፍንጣሪዎች ነበሩ። ሐኪሙ አሁን ጻፈ፦ ባዕድ የብረት ቁርጥራጭ፣ በቁጥር ሦስት፣ ከቆየ ጉዳት የተነሣ። ብረቱ መቼና የት እንደ ገባ አልጻፈም፤ በማረሻ ወይም በመኪና አደጋ ሊገባ እንደማይችል ግን ማንም አንባቢ ያውቃል።

የአባቴ አባት ጥይት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። በቢቸና ለእርሳቸው ይህን ፊልም የሚያነሣ አልነበረም። ዛሬ ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው።

የአጎቴ ጉዳይ አላለቀም። የመጀመሪያው መልስ «ማስረጃው የአገልግሎት ምክንያት መሆኑን አያሳይም» የሚል ነበር፤ ይግባኝ ብለናል፣ አብረዋቸው ከተሰናበቱት በሕይወት ያሉ ሁለት ሰዎች መስክረዋል። ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ አርበኛው ምስክርነት መጣን ማለት ነው። የማይነገርላቸውን ብዙ ሰዎች ሳስብ ግን የእርሳቸው ነገር የተሻለው ነው፤ ቢያንስ ቁጥሩን ጽፈውታል፣ ብረቱም አብሯቸው ነው። በምጥ ጊዜ እንደሚጮኽ ሰው በጦርነት ጊዜ ስለ መዝገብ የሚያስብ የለም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የቆሰሉ አሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የቆሰሉ አሉ፤ በዚያ ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ከመድኃኒቱና ከአልጋው ጋር የካርድ ክፍሉም ተበትኗል። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ይዞ ተነሥቷል። ከእነዚህ መካከል ጉዳተኛው ከካምፕ በር ሲወጣ በእጁ ምን ይዞ እንደሚወጣ መጠየቅ ይገባል። የስልክ ካሜራ በየሰው ኪስ ባለበት ዘመን «ለክፍልህ ይላካል» የሚለው መልስ ምክንያት ሊሆን አይችልም። አንድ ገጽ ነው፤ ማኅተም ያለበት፣ መጠኑና ምክንያቱ የተጻፈበት አንድ ገጽ።

ከምርመራው ቀን ማታ አጎቴ የራጁን ፊልም በመብራት ላይ አንሥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም ስንት ግልባጭ ሊነሣ እንደሚችል ጠየቁኝ። የፈለጉትን ያህል ብላቸው ሦስት አሉ፤ ለእያንዳንዱ ብረት አንድ። በማግሥቱ አስነሣን። አንዱ ሞጣ ከእርሳቸው ዘንድ ነው፤ አንዱ ቢቸና በአያቴ ቤት፣ በደጋው በኩል ምስጥ በማይደርስበት ክፍል ተቀምጧል፤ አንዱ እኔ ዘንድ አለ። በሞጣው ፖስታ ጀርባ ላይ አጎቴ በእርሳስ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ጽፈውበታል።